«አማርኛዬ አሽቆለቆለ» ይባላል ወይ?

ሰላም የቃል ወዳጆች፣

ሰሞኑን መሃላችን አንዲት ቀላል የምትመስል ጥያቄ ገብታ ነበር። ያመጣት ቨርጂኒያ የሚኖር ወንድማችን ነው። አዲስ አበባ ያሉትን እናቱን ስልክ ላይ፣ «እማዬ፣ አማርኛዬ እኮ እያሽቆለቆለ ነው» ይላቸዋል። እሳቸው ሳቁ። «አማርኛ ደግሞ መቼ ያሽቆለቁላል? የሚያሽቆለቁለው ብር ነው» አሉት። ልጁ ግራ ገባው። «ማሽቆልቆል ማለት እያደር መቀነስ አይደለም እንዴ? ታዲያ ምኑን ነው የተሳሳትኩት? ቃሉስ ከየት ነው የመጣው?» ብሎ ጻፈልን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። አንዱ «ከቆላ ነው» አለ። ሌላው «ከቁልቋል ነው» አለ። አንዲት እህታችን ደግሞ «ቆሎ ከመቁላት ቢሆንስ?» ብላ ጣል አደረገች። ስትቀልድ ይሁን ከምሯ እስካሁን አልገባኝም። እኔ ዳር ሆኜ ስከታተል ቆየሁ። ነገሩ ግን ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ስለነሳኝ የደረስኩበትን ላውጋችሁ።

እስቲ ቃሉን እንላጠው። አሽቆለቆለ ከሚለው ላይ ከፊት ያለችውን «አሽ» አንሷት። የሚቀረው ቆለቆለ ነው። ቆለቆለ ብቻውን ዛሬ አይነገርም። «ሰውዬው ቆለቆለ» የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። ቤተሰቦቹ ግን በየአፋችን አሉ። ቁልቁል አለ። ቁልቁለት አለ። አቆለቆለ አለ። ገደል አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ወደ ታች አቆልቁሎ ያያል። ጀምበር ከቀትር በኋላ ታቆለቁላለች። ሁሉም ውስጥ ያለው ያው አንድ ነገር ነው፤ ወደ ታች የሚሄድ ተዳፋት።

ግዕዝ የተማሩት አባታችን እዚህ ላይ ጥሩ ነገር ጨመሩልን። «ልጆቼ፣ ቍልቍሊት የሚለውን ረሳችሁት?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ሐምሌ 5 ቀን፣ የጴጥሮስና የጳውሎስ ዕለት፣ ቤተ ክርስቲያን የሄደ ሰው ሰምቶታል። ቅዱስ ጴጥሮስ እንደ ጌታው ቀጥ ብሎ መሰቀል አይገባኝም ብሎ ቁልቁሊት ተሰቀለ ይባላል። ራሱ ወደ ታች፣ እግሩ ወደ ላይ። ስለዚህ ቃሉ ትናንት በዜና አንባቢ አፍ የተፈጠረ አይደለም። ዘሩ የቆየ ነው።

ቆላ ያለው ወንድማችንም ባዶ እጁን አይመለስም። ከደጋ ተነስተህ ቁልቁል ስትወርድ የምትደርስበት አገር ቆላ ነው። ድምፁም ፍቺውም ይቀራረባሉ። እኔ ዝምድናቸውን አልክድም። ግን ማሽቆልቆልን በቀጥታ ከቆላ አናምጣው። መንገዱ በቁልቁል በኩል ነው የሚያልፈው። ያለዚያማ ወይና ደጋም የሆነ ግስ ይወልድልን ነበር።

ቆሎው ግን አይሆንም። ቆሎ የሚቆላበት ቆላ እና ቆላ የሚባለው አገር ጽሕፈታቸው ይገጥማል እንጂ ሥራቸው ለየቅል ነው። ደግሞም ቆሎ ምጣድ ላይ ይዘላል፣ ይንጣጣል፤ ሲያሽቆለቁል አይቼው አላውቅም። ቁልቋልም እንዲሁ። ቁልቋል ያየ ሰው ያውቃል፣ ክንዶቹን እንደ መቅረዝ ወደ ላይ አንስቶ ነው የሚቆመው። ስሙ ቁልቁል ይመስላል፣ አቋሙ ሽቅብ ነው። ድምፅ የተመሳሰለ ሁሉ ዘመድ ከሆነማ ስንቱ ተጠራርቶ ሊዛመድ ነው!

ሽቅብ ካልኩ አይቀር፣ የወጉ ጣፋጭ ቦታ እዚህ ጋ ነው።

ቅድም አንስተን የጣልናት «አሽ» ምንድን ናት? አማርኛ ውስጥ «አሽ» እና «ተሽ» እያሉ የሚጀምሩ ግሶች አሉ። ተሽቀዳደመ በሉ። ከውስጡ ቀደመ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ተሽከረከረ፣ ተሽቆጠቆጠም አሉ። አንዳንዶቹ ያለ «ሽ» የሚኖሩበት ቤት ጠፍቶባቸዋል፣ እንደ ቆለቆለ። ቅጥያዋ ዛሬ አዲስ ግስ አትሠራም። ማንም ተነስቶ «አሽበላ» ወይም «ተሽሮጠ» አይልም። የድሮ ዕቃ ናት፤ እንደ አያት ሞሰብ ቤት ውስጥ ቀርታለች።

አሁን ዐቀበት የሚለውን ውሰዱ። ግዕዙ ዐቀብ ነው። ፊቱ ላይ «አሽ» አድርጉበት። አሽ-ዐቀበ። ሁለቱ ሲጋጠሙ አሻቀበ ይሆናል። ሽቅብም ከዚሁ የወጣ ነው። ያቺው «ሽ» ናት፣ ያው ዐቀብ ነው።

አያችሁ? ዋጋ ሲያሻቅብ ዐቀበት እየወጣ ነው። አቅም ሲያሽቆለቁል ቁልቁለት እየወረደ ነው። ሁለቱም ያንኑ አሮጌ ጫማ ተጫምተዋል። ማታ ማታ ዜና ላይ «የሸቀጦች ዋጋ አሻቀበ፣ የብር የመግዛት አቅም አሽቆለቆለ» ሲባል የምንሰማው የተራራ ወሬ ነው። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል፣ መሃል መንገድ ላይ ተላልፈው ሰላምታ የሚሰጣጡ ነው የሚመስለኝ። ይህንን ካሰብኩ ወዲህ ዜናውን ሳልስቅ መስማት አቅቶኛል። ወሬው የሚያስቅ ባይሆንም።

የቁልቁለቱ ነገር ይህን ያህል ነው። «እያደር»፣ «ቀስ በቀስ» የሚለው ስሜትስ ከየት መጣ? ቁልቁለት እኮ በሩጫም ይወረዳል። ተንከባሎም ይወረዳል።

የኔ ግምት መልሱ ድግግሞሹ ውስጥ ነው የሚል ነው። ቆል-ቆል። አማርኛ ድምፅን ሲደግም ብዙውን ጊዜ አንዴ ተደርጎ የማያልቅ ነገር እየነገረን ነው። ነቀነቀ ስትል አንዴ ብቻ አልነካኸውም። ወዘወዘም እንደዚያው። ጎርፍ አፈሩን ሸረሸረ ስንል አንድ ክረምት፣ ሌላ ክረምት፣ ሌላም ክረምት አለ። ሻይ ይቀዘቅዛል፣ ቀዝ እያለ ቀዝ እያለ ነው እንጂ ባንዴ አይደለም። ጀምበር ስታዘቀዝቅም ዘቅ-ዘቅ ነው። መነመነም መን-መን ነው። ዝርዝሩን ስታዩት መጥፋትን፣ መድከምን፣ መቀነስን የሚናገሩ ግሶች እንዴት ድግምግም እንደሚወዱ ይገርማል። «ደበደበስ?» ያላችሁኝ ልክ ናችሁ። ደበደበ ዝግታ የለውም። ግን አንድ ዱላም አይደለም። ድግግሞሹ የሚናገረው መደጋገምን ነው፤ ዝግታው የሚመጣው ከነገሩ ጠባይ ነው። ቁልቁለት ላይ ሲሆን ድግግሞሹ ርምጃ ይሆናል። ቆል አንድ ርምጃ። ቆል ሌላ ርምጃ።

ይሄን በእግሬ ባይሆንም በመኪና አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለሁ አጎቴ ባለተሳቢ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። አንድ ክረምት ጎጃም ይዞኝ ሄደ። ጎሐ ጽዮን ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሻይ ጠጣን። አጎቴ ከመነሳታችን በፊት ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእርግጫ እየመታ ዞረ። ከዚያ ዓባይ በረሃን መውረድ ጀመርን። ጎሐ ጽዮን ከወንዙ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ ያንን ሁሉ ወርደህ፣ ወንዙን ተሻግረህ፣ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ትወጣለህ። አጎቴ ከባድ ማርሽ አስገባ። ሞተሩ ያቃስታል። መኪናው ከሰው ርምጃ እምብዛም አይፈጥንም። እኔ ሰለቸኝ። «ጋሼ፣ ቁልቁለት አይደል እንዴ? ለምን አትለቀውም?» አልኩት። ዞር ብሎም አላየኝ። «ዐቀበቱን የምትወጣበት ማርሽ ነው ቁልቁለቱን የሚያወርድህ። ቁልቁለትን የለቀቀ ፍሬን ይበጥሳል» አለ።

የማስታውሰው ግን ሌላ ነገር ነው። ላይ ስንነሳ ጋቢ ተከናንቤ ነበር። አንድ ጥምዝ ላይ ጋቢውን ከትከሻዬ አወረድኩ። ሌላ ጥምዝ ላይ ሹራቤን አወለቅኩ። ጆሮዬ ድፍን አለ፣ ምራቄን ስውጥ ተከፈተ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ በካናቴራ ቀርቼ ላቤ ይንቆረቆራል። የትኛዋ ደቂቃ ላይ ሞቀኝ? እንጃ። ቀና ስል ቅድም የተነሳንበት አፋፍ ሰማይ ላይ ተሰቅሏል። ማሽቆልቆል ማለት ለእኔ ያ ነው። መውረድህን ወርደህ ስታበቃ የምታውቅበት መውረድ። ፍሬን የበጠሰ መኪና አያሽቆለቁልም፣ ይገባል።

ስለዚህ ከ«ድንገት» ጋር ሲያጋጥሙት ጥርሴ ውስጥ አሸዋ የገባ ያህል ይሰማኛል። «በድንገት አሽቆለቆለ»። ይጻፋል፣ አይቻለሁ። ግን ድንገት ከሆነ ወደቀ በለኝ። ተንኮታኮተ በለኝ። አሽቆልቋይ አይቸኩልም።

የእናትየዋን ምሳሌ ብርን እንውሰድ። በደርግ ዘመን አንድ የአሜሪካ ዶላር 2 ብር ከ07 ሳንቲም ነበር። ለዓመታት ንቅንቅ አላለም። በ1985 መጀመሪያ ላይ በአንድ ውሳኔ 5 ብር ሆነ። ይህ ዝላይ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ መሃል መሃል በመንግሥት ውሳኔ ከሚመጣው ቅነሳ በቀር፣ ብር በሳንቲም በሳንቲም ሲንሸራተት ኖረ። ዘንድሮ ይህን ያህል፣ ለከርሞ ትንሽ ጨምር። ያኛው ትክክለኛ ማሽቆልቆል ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዋጋው በገበያ እንዲወሰን ተባለ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ወር ሳይሞላ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ያን ሰሞን ሰው ሁሉ «ብር አሽቆለቆለ» ሲል ነበር። እኔ ግን እላለሁ፣ ያ ቁልቁለት አልነበረም፣ ገደል ነበር። ኢኮኖሚስት አይደለሁም፤ ደግ ነው ክፉ ነው ውስጥ አልገባም። የማወራው ስለ ግሱ ነው።

አንድ የሰዋስው ነገር ልጨምርና ወደ ልጁ እመለሳለሁ። አማርኛ ግስ ፊቱ ላይ «አ» ሲኖረው ብዙ ጊዜ አድራጊ አለው። ወረደ፣ አወረደ። ገባ፣ አስገባ ወይም አገባ። አሽቆለቆለ ግን «አ»ን ይዞ ተደራጊ የለውም። «መንግሥት ኢኮኖሚውን አሽቆለቆለው» አይባልም። «ሕመሙ ጤናውን አሽቆለቆለው» ቢባልም ጆሮ ይጎረብጣል። ጤናው አሽቆለቆለ ነው። ማን አሽቆለቆለው? ማንም። ራሱ። እንዲህ ሲሆን ጋዜጠኞች «እንዲያሽቆለቁል አድርጎታል» እያሉ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳሉ። አንድ ጓደኛችን «ለዚህ ነው ቢሮ የሚወደው ቃል፣ ተጠያቂ የለውማ» አለ። የሥራ አፈጻጸም ሪፖርት ጽፎ የሚያውቅ ሰው ነው፣ ልክ ሳይሆን አይቀርም። «አፈጻጸሙ አሽቆልቁሏል» ስትል አፈጻጸሙ ብቻውን ተነስቶ የሄደ ነው የሚመስለው።

እሺ፣ እናትየዋ ለምን ሳቁ?

እዚህ ላይ ሌሎቹን ቃላት አጠገቡ ማስቀመጥ ግድ ነው። አማርኛ ለማነስ አንድ ቃል ብቻ አይሰጥም። ምኑ እንደጎደለ ይጠይቅሃል። ከፍታው ነው? ውፍረቱ ነው? ጉልበቱ ነው? ሽታው ነው?

ውፍረት ከሆነ መነመነ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ስመለስ አያቴ ክንዴን በሁለት ጣታቸው ይዘው ይለኩና «ምነው ልጄ፣ እንዲህ መነመንህ? አያበሏችሁም እንዴ?» ይሉኝ ነበር። አሽቆለቆልክ አላሉኝም። ክር ይመነምናል። ተስፋ ይመነምናል፤ ተስፋን እንደ ክር ያየው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ እጁን እስም ነበር። ብዙ ሲሆኑ ደግሞ ይመናመናሉ። ደን ይመናመናል። ሰሜን ተራሮች ላይ ያለው ዋልያ ቁጥሩ ተመናመነ እንላለን። አንዱ ዋልያ ግን አልመነመነም፣ ወፍራም ሊሆን ይችላል። የሳሳው መንጋው ነው።

ማደግ ሲገባው የቀረ ከሆነ ቆረቆዘ ነው። ይሄ ቃል ጨካኝ ነው። ሕፃን ይቆረቁዛል። ከተማም ይቆረቁዛል። ልብ በሉ፣ ከተማ ሲመሠረት ተቆረቆረ ነው የሚባለው። እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባን በ1879 ቆረቆሩ እንላለን። ቆረቆረ፣ ቆረቆዘ። የመጨረሻዋ ፊደል ብቻ ተቀየረች። ዘመድ ናቸው አላልኩም፣ የቁልቋሉን ስህተት አልደግምም! ግን የድሮው የጅቡቲ ባቡር መስመር ላይ ያሉ ትንንሽ ጣቢያዎችን ያየ ሰው ሁለቱን ቃላት ባንድ ላይ ሳያስብ አያልፍም። ባቡሩ ቆረቆራቸው። ፉጨቱ ሲጠፋ ቆረቆዙ። ወደ ታች የሄዱበት ቁልቁለት የለም፤ እዚያው በነበሩበት ደርቀው ቀሩ።

ዘቀጠ ሌላ ነው። ለዘቀጠ ጀበና ያስፈልገናል። ቡና ፈልቶ ይወርዳል። አፍይዋ ወዲያው አትቀዳም። ጀበናውን ማቶት ላይ ጋደም ታደርገዋለች፣ «ትንሽ ይስከን» ትላለች። ጀበናው ውስጥ ምን እየሆነ ነው? አተላው ወደ ታች እየወረደ ነው። ላዩ ይጠራል። አሁን ይሄን አንድ ነገር አማርኛ በሁለት ግስ ነው የሚያየው። ላይ የቀረው ሰከነ። ታች የሄደው ዘቀጠ። የሰከነ ሰው ስንል እናደንቃለን። የዘቀጠ ስንል እንሰድባለን፣ የሞራል ዝቅጠት ስንል ደግሞ መድረክ ላይ ቆመን እንገስጻለን። ያው አንድ ጀበና ነው፣ ያችው አምስት ደቂቃ ናት። ጎበዝ፣ እኔ ከዚህ ቃል ጋር የተጣበቅኩት ስንት ሲኒ ቡና ስጠጣ እንደሆነ አልነግራችሁም።

ተሳታፊዎቹ ያመጧቸው ፈሊጦችም አሉ። ከድጡ ወደ ማጡ የሚለውን ሁሉም ያውቃል። ግን ድጥና ማጥ ለይቶ የሚያውቅ ከተሜ አላገኘሁም። ድጥ የሚያንሸራትተው ነው፣ ማጥ የሚውጠው። ድጡ ላይ ብትወድቅ ትነሳለህ፣ ልብስህ ይቆሽሻል። ማጡ ውስጥ እግርህ ይቀራል። የካሮት እድገት የሚለው የዘመኑ ሰው ፈጠራ ነው፤ እንደ ካሮት ቁልቁል ማደግ። ቁልቁል እዚህም መጣች። እኔ ይሄኛው ሁሌ ያስቀኛል፣ ምክንያቱም ማደግ የሚለውን ቃል ሳይነፍግ ነው የሚሳደበው። እንደ ግመል ሽንት የኋሊት የሚለውን ያመጣኸው ወንድሜ፣ አመሰግናለሁ፣ ምሳ እየበላሁ ነበር።

ከሁሉም የምወደው ግን እያደር ጥሬ ነው። እሳት ላይ የተጣደ ነገር እያደር መብሰል አለበት። ይሄ ሰውዬ ግን እንደተጣደ እያደር ይጠረያል። የወጥ ቤቱን ሕግ ገለበጠው። ስድቡ አጭር ነው፣ ሁለት ቃል። ከዚህ ጎን «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለውን አስቀምጡት። ስለ ማሽቆልቆል ከተባለው ሁሉ ዓባይ በረሃ ላይ ከተሰማኝ ነገር ጋር የሚገጥመው ይሄ ነው። እግርህን ይኮረኩርሃል፣ ትስቃለህ፣ ትሄዳለህ።

እንግዲህ ያሽቆለቁላሉ የምንላቸውን ሰብስቡ። ዋጋ፣ ብር፣ ጤና፣ የፈተና ውጤት፣ የተማሪ ቁጥር፣ ገቢ፣ የኳስ ቡድን ደረጃ። ሁሉም ላይና ታች አላቸው። ቁልቁለት እንዲወርዱ መጀመሪያ የሆነ ከፍታ ላይ መቆም አለባቸው። አማርኛ ግን፣ የአንድ ሰው አማርኛ ማለቴ ነው፣ ከፍታ የለውም። «አማርኛው ረጅም ነው» አንልም። «አማርኛው ስል ነው» ልንል እንችላለን። «አንደበቱ ይቆርጣል» እንላለን። እናትየዋ ይህን ሁሉ አስበው አይደለም የሳቁት። ጆሯቸው ነው የነገራቸው። ለነገሩ «የአማርኛ ችሎታዬ አሽቆለቆለ» ቢል ኖሮ ማንም አይስቅበትም ነበር። ችሎታ ደረጃ አለው፤ ደረጃ ያለው ነገር ደግሞ ይወርዳል።

ታዲያ አማርኛ ምን ይሆናል? ሦስት ሐሳብ ቀርቦ ነበር። «ዛገ» ያሉ አሉ። አይከፋም፤ ሳይነካ የተቀመጠ ብረት ይዝጋል። «ጠፋብኝ» ያሉ አሉ። ይሄ ደግሞ በጣም የተለመደው ነው፣ ግን ልጁ ጨርሶ አልጠፋበትም፣ ይኸው በአማርኛ ጽፎ ጠየቀን። እኔ የምመርጠው ዶለዶመ የሚለውን ነው። ቢላዋ ይዶለዱማል። አለ፣ እጅህ ላይ ነው፣ መልኩም አልተለወጠ። ሽንኩርቱ ላይ ስታሳርፈው ግን ይንሸራተታል። ልጁ የጻፈልን ያንን ነው። ቃሉ አፉ ላይ አለ፣ ሲፈልገው ያመልጠዋል። የዶለዶመ ምላስ። በነገራችን ላይ ዶለዶመና ቆረቆዘ አንድ ዓይነት ስፌት ናቸው። አንደኛና ሦስተኛ ፊደላቸው ይደገማል፣ መጨረሻቸው ይለያል። ግማሽ ድግምግም። ይሄን ለሌላ ቀን።

ይህንኑ ትናንት ባጭሩ ጻፍኩለት። «ወንድሜ፣ አማርኛህ አላሽቆለቆለም፣ ዶልዱሟል። ሞረድ ብቻ ነው የሚያስፈልገው» አልኩት።

አሥር ደቂቃ ቆይቶ መለሰ። «ሞረድ ምንድን ነው?»

እናትህን ጠይቅ አልኩት። ማታ ፎቶ ለጠፈ። እናቱ ናቸው የላኩለት። የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አንድ ሲኒ ተገልብጧል። ቂጡ ላይ፣ ያቺ ብርጭቆ መሰል ቅብ ያልነካት ሻካራ ክብ ላይ፣ ቢላዋ ጋደም ብሏል። ከሥሩ የእናትየው መልእክት አለ፤ «ሞረድ ቤቴ የለም ልጄ፤ እኔ የምስለው በዚህ ነው»።

አሁን ክርክሩ ሌላ ሆኗል። ያቺ ሻካራ ክብ የሲኒ ቂጥ ነው የምትባለው ወይስ የሲኒ መቀመጫ? እስካሁን ቂጥ እየመራ ነው።